ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አርኬድ ማሽን እንሥራ፦ ለጅማ ልጆች የተዘጋጀ መመሪያ

አርኬድ ማሽን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሳንቲም የሚገባበትን፣ ከሰው የሚረዝመውን ትልቅ የጌም ሣጥን ነው። ስፔስ ኢንቬደርስ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፓክማን በ1980፣ ዶንኪ ኮንግ በ1981 ወጥተው ዓለምን ያዳረሱት እንዲህ ባሉ ሣጥኖች ነው። እዚህ የምንሠራው ግን ትንሹን ዓይነት ነው። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰው አንሥቶ ከሳሎን ወደ ልጆቹ ክፍል ይወስደዋል። ስፋቱ 42 ሴንቲ፣ ቁመቱ 60፣ ከፊት እስከ ጀርባ 45 ሴንቲ ነው። ለአንድ ተጫዋች የሚሆን አንድ ጆይስቲክ፣ ማለትም አቅጣጫ የሚሰጥ ዱላ፣ እና ስድስት የመጫወቻ ቁልፍ አለው።

ለዚህ ሥራ ጅማ ትመቻለች። ከተማዋ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የማያውቅ ማን አለ? ጆተኒ ሠርቶ የሚያውቅ አናጺ ካገኛችሁማ ዕድለኞች ናችሁ። ሰው እየገፋውና እየደገፈው የሚጫወትበት ዕቃ ምን ያህል መጠንከር እንዳለበት አይነገረውም። የኤሌክትሮኒክሱ ሥራ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት እንደሚያስፈራው አይደለም። ሶፍትዌሩም ነፃ ነው። የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ እጅ የሚያርፍበት የመጫወቻ ሰሌዳ ነው። ሌላው የጅማ እርጥበት ነው። ማሽኑ ዓመታት የሚያገለግለው ወይም በአንድ ክረምት የሚበላሸው በነዚህ ሁለቱ ስለሆነ፣ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ እንጨቱ

ሞኒተሩ፣ ጆይስቲኩና ቁልፎቹ እጃችሁ ሳይገቡ አንድም እንጨት አታስቆርጡ። ቁልፎች የሚፈልጉት ቀዳዳ አንድ ዓይነት አይደለም። የጃፓን ዓይነቱ 30 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የአሜሪካ ዓይነቱ ከ28 ሚሊ ትንሽ ይበልጣል። ሞኒተሮችም «17 ኢንች» ተብለው ፕላስቲካቸው በሁለትና በሦስት ሴንቲ ይለያያል። እንጨት አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።

ሞኒተሩን በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ሰፊውን አዲስ ሞኒተር ተዉትና የድሮውን የቢሮ ሞኒተር፣ ወደ ካሬ የሚጠጋውን 17 ኢንች ፈልጉ። ዩዝድ ኮምፒዩተር የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥግ ተደርድሮ አቧራ ሲጠጣ ይገኛል። የድሮ ጌሞች የተሠሩት ለዚያ ዓይነት ስክሪን ነው። ፓክማንና ዶንኪ ኮንግ ደግሞ ጭራሽ በቁሙ የቆመ ስክሪን ላይ የሚታዩ ነበሩ። በሰፊ ሞኒተር ስትከፍቷቸው ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ጌሙ መሐል ላይ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። የካሬው 17 ኢንች የሚታየው ክፍል 34 በ27 ሴንቲ ገደማ ነው። ለሁለቱም ዓይነት ጌም ይበቃል።

ሞኒተሩን ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ነጠብጣብና መስመር እንደሌለው አረጋግጡ። ጀርባው ላይ ካሬ የሠሩ አራት የብሎን ቀዳዳዎች መኖራቸውን ተመልከቱ፤ በመሐላቸው 10 ወይም 7.5 ሴንቲ ርቀት ይኖራል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ሞኒተሩ በርቶ እያለ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩት። ራሱ ከበራ ውሰዱት። ማብሪያውን ካልጫናችሁ የማይበራ ከሆነ ግን ሌላ ፈልጉ። ሣጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ማብሪያው ጋ እጅ አይደርስም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ጀርባውን መክፈት ሊኖርባችሁ ነው።

ለማሽኑ አንጎል ራስበሪ ፓይ 3 ወይም 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር በቂ ነው። ከዚያ በላይ ለድሮ ጌም አያስፈልግም። ራስበሪ ፓይ ካላገኛችሁ ኪቦርዱ ወይም ማጠፊያው የተበላሸ የድሮ ላፕቶፕ ይሠራል። 15 ኢንቹ ሣጥኑ ወለል ላይ ተኝቶ ይገባል። ባቶሴራ የሚባለው የድሮ ጌም ማጫወቻ ሥርዓት ከፍላሽ ላይ ስለሚነሳ ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ዊንዶውስ አይነካም። ስለዚህ የቤት ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ ሞክሮ ማየት ይቻላል።

ጆይስቲኩ፣ ቁልፎቹና ኢንኮደሩ አንድ ላይ ታሽገው ይሸጣሉ። ኢንኮደር ማለት የቁልፎቹን ሽቦ ሰብስቦ በዩኤስቢ ለኮምፒዩተሩ የሚናገር ትንሽ ቦርድ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይወስድም። ካልሆነ ርካሽ የዩኤስቢ ጌም ፓድ ገዝታችሁ ቦርዱን አውጡትና እንደ ኢንኮደር ተጠቀሙበት። እያንዳንዱ የጎማ ቁልፍ ሥር ሁለት የመዳብ ገጽ አለ። ከሁለቱም አንዳንድ ቀጭን ሽቦ በስታኞ ይበየዳል። እጃችሁ ካልለመደ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት፤ ለነሱ ቀላል ሥራ ነው። የአርኬድ ቁልፎች ግን በጎማ ቁልፍ አይተኩም። ከቁልፉ ሥር ያለው ትንሽ ማብሪያ፣ ማይክሮስዊቹ፣ «ጠቅ» የሚለው ድምፅና መልሶ የሚገፋው ኃይል ነው አርኬድን አርኬድ የሚያሰኘው።

ቁልፎቹን ስትመርጡ ከሥር በዳዶ የሚታሰረውን፣ ረጅም ጥርስ ያለውን ውሰዱ። ተጭኖ የሚገባው ዓይነት ለስስ ላሚዬራ ወይም ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በ12 ሚሊ እንጨት ላይ አይዝም።

እንጨት

ቺፑድ አትጠቀሙ። ዋጋው ያማልላል፤ ነገር ግን ጅማ ላይ ጠርዙ እርጥበት ከጠጣ ያብጣል፣ ቪቴውም ይለቃል። ኤምዲኤፍም ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ያው ነው። ባለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ግዙ። አንዱ ሙሉ ሉህ 122 በ244 ሴንቲ ነው፤ ለዚህ ሥራ ተርፎ ይቀራል። በትርፉ የመጫወቻ ሰሌዳውን ሁለተኛ ቅጂ ሥሩ። ስትመርጡ ሉሁን በጠርዙ አቁማችሁ በአንድ ዓይን እዩት። ከወዲሁ የተጣመመ ሉህ ኋላ አይቃናም። ጠርዙ ላይ በንብርብሮቹ መሐል ክፍተት ካያችሁም ተዉት።

ዋንዛ የሚያምር እንጨት ነው። ለሣጥኑ ግን ያስወጣል። ለጌጥ ከፊት በኩል አንዲት ቀጭን ክፋይ ብታስገቡበት ግን ልቤ ነው።

ጊዜውንም ምረጡ። ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው። ኮላና ቀለም በደንብ የሚደርቁት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ነው። በክረምት የምትሠሩ ከሆነ እንጨቱን ቤት ውስጥ ጣውላ ላይ አንጋላችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት። ከሱቅ እንደመጣ አትቁረጡት።

ቅርጹን ማውጣት

ከእንጨቱ በፊት በካርቶን ሥሩት። የፍሪጅ ወይም የቲቪ ካርቶን ይበቃል። ሁለቱ ጎኖች እኩል ናቸው። 45 በ60 ሴንቲ የሆነ ሬክታንግል አንሡ። 45ቱ ወለሉ ነው፣ 60ው ቁመቱ። የታችኛው የጀርባ ጥግ ዜሮ ይሁን። ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ላይ እየለካችሁ እነዚህን ነጥቦች ምልክት አድርጉ፦

- 45 ወደ ፊት፣ 10 ወደ ላይ
- 24 ወደ ፊት፣ 15 ወደ ላይ
- 14 ወደ ፊት፣ 47 ወደ ላይ
- 25 ወደ ፊት፣ 52 ወደ ላይ
- 23 ወደ ፊት፣ 60 ወደ ላይ

በተራ በመስመር አገናኟቸው። የመጀመሪያው ዝቅተኛ ግድግዳ የፊት ገጹ ነው። ቀጥሎ ያለው ትንሽ ተዳፋት የመጫወቻ ሰሌዳው ነው። ወደ ኋላ ጋደም ያለው ረጅሙ መስመር ስክሪኑ ነው። ወደ ፊት የሚወጣው አጭሩ ስፒከሮቹ ያሉበት ነው። የመጨረሻው ትንሽ ገጽ የማሽኑ ስም የሚጻፍበት ግንባር ነው።

ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ሞኒተሩን ከኋላው አስጠጉ። የሚጫወተውን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጡት። እጁን ሰሌዳው ላይ ሲያደርግ ክርኑ ከሰሌዳው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ትከሻው ወደ ላይ ከተሰቀለ ጠረጴዛው ረዝሟል። ለመደበኛ ወንበር 60 ሴንቲ ገደማ ከፍታ ያለው ጠረጴዛ ይስማማል። ስክሪኑን ሲያይ አንገቱ ከተቀለሰ የስክሪኑን መስመር ትንሽ ወደ ኋላ አጋድሙት። ካርቶን ላይ መለወጥ ምንም አያስከፍልም።

ሁለቱን የጎን ሰሌዳዎች አነባብራችሁ በሁለት ቪቴ አጣብቃችሁ አንድ ላይ አስቆርጡ። ለየብቻ የተቆረጡ ጎኖች በሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ ሣጥኑም ያነክሳል። ቪቴዎቹን ኋላ በሚሸፈን ቦታ ላይ አድርጓቸው። ትልልቅ ቀጥ ያሉ ቁርጦችን እንጨት ቤት በማሽን ማስቆረጥ ይሻላል።

መሐል የሚገቡት ሁሉ ስፋታቸው 40 ሴንቲ ነው። ወለሉ 44፣ የፊት ገጹ 10፣ የመጫወቻ ሰሌዳው 22፣ የስፒከሩ 12፣ ግንባሩ 8፣ ጣሪያው 23፣ የኋላ በሩ 58 ሴንቲ ይሁን። የፊቶቹ ጠርዝ ተዳፋት ስለሚገጥመው ለመሞረድ ትንሽ ትርፍ እንዲኖር ነው ይህ ልክ የተሰጠው። ስክሪኑን የሚከበው ክፈፍ 40 በ33 ነው። እሱን በስሱ ኮምፔንሳቶ፣ በ3 ወይም 4 ሚሊው ሥሩት።

መግጠም

ጎኖቹ ላይ ከውስጥ በኩል፣ ከጠርዙ 2 ሴንቲ ገባ ብላችሁ፣ 2 በ2 ሴንቲ የሆነ ቀጭን እንጨት በኮላና በቪቴ ምቱ። ሌሎቹ ሰሌዳዎች የሚያርፉት በዚህ ላይ ነው። 2 ሴንቲ ያልኩት በምክንያት ነው። 12 ሚሊው ሰሌዳ ሲቀመጥበት ጠርዙ 8 ሚሊ ወደ ውጭ ይተርፋል። ያ ትርፍ ሣጥኑን ያሳምረዋል፤ የሰሌዳዎቹንም ጥሬ ጠርዝ ይደብቃል።

ቪቴ ከመምታታችሁ በፊት በቀጭን ፑንታ ቅደዱ። ኮምፔንሳቶ ከጠርዙ በኩል ሳይቀደድ ቪቴ ከገባበት ንብርብሩ ይከፈታል። መጀመሪያ ወለሉንና ጣሪያውን ግጠሙ፤ በስኳድራ ጥጉን አረጋግጡ፤ ኮላው እስኪደርቅ ባለበት ይደር። የመጫወቻ ሰሌዳውን በኮላ አታጣብቁት። በቪቴ ብቻ ይታሰር። ወደፊት ቁልፍ ለመቀየር የምትከፍቱት እሱን ነው።

ሞኒተሩን ከነፕላስቲኩ ተዉት። አንዳንዶች ቦታ ለማትረፍ ቅርፊቱን ያወልቃሉ። ይህ ማሽን በቂ ቦታ አለው፤ የሞኒተሩ የኃይል ቦርድ ላይ ያሉ ካፓሲተሮች ደግሞ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊነዝሩ ይችላሉ። እግሩን ብቻ ፍቱት። በ12 ሴንቲ ወርድ የተቆረጠ ጣውላ ከጎን ወደ ጎን አጋድሙና በጀርባው ቀዳዳዎች እሰሩት። ቀዳዳዎቹ ባለ 4 ሚሊ ብሎን ነው የሚወስዱት። ከጣውላው አልፎ ሞኒተሩ ውስጥ የሚገባው ከ8 ሚሊ አይበልጥ። የረዘመ ብሎን የውስጡን ይወጋል።

የመጫወቻ ሰሌዳው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

አቀማመጡን በወረቀት ሥሩ። የጆይስቲኩ መሐል ከግራ ጠርዝ 10 ሴንቲ ይግባ። የመጀመሪያው ቁልፍ መሐል ከግራ 22 ሴንቲ ላይ ይሁን። ከዚያ በየ3.6 ሴንቲው ሁለት ቁልፍ ጨምሩ። ሁለተኛውን ረድፍ ከሥሩ በዚያው 3.6 ርቀት ድገሙት። ስድስት ቁልፍ የምለው እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ሦስት የቡጢ፣ ሦስት የእርግጫ ቁልፍ ስለሚፈልግ ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት ብዙዎቹ ጌሞች አንድና ሁለት ይበቃል። ፓክማንማ ጆይስቲክ ብቻ ነው።

የላይኛውን ረድፍ ቀጥ አታድርጉት። ቀኝ እጃችሁን ወረቀቱ ላይ ዘና አድርጋችሁ አሳርፉና የሦስቱን ጣቶች ጫፍ በእርሳስ ምቱ። የመሐል ጣት ከፍ፣ የቀለበት ጣት ትንሽ ዝቅ ብላ ታገኟታላችሁ። ቁልፎቹ ያንን ቅስት ይከተሉ። ከሰሌዳው የፊት ጠርዝ እስከ ታችኛው ረድፍ ቢያንስ 7 ሴንቲ ባዶ ይተው። መዳፍ የሚያርፈው እዚያ ነው። የመዳፍ ቦታ የሌለው ሰሌዳ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንጓ ያሳምማል።

ከስድስቱ ሌላ፣ ጌሙን ማስጀመሪያውንና ሳንቲም ማስገባትን የሚተካውን ቁልፍ ፊት ለፊት ባለው በዝቅተኛው ገጽ ላይ አድርጓቸው። ከላይ ከሆኑ በጨዋታ መሐል ይነካሉ።

ቀዳዳውን ለማውጣት ክብ የሚቆርጠውን ፑንታ ተጠቀሙ። መጀመሪያ በትርፍ እንጨት ላይ አንድ ቀዳዳ አውጡና ቁልፉን ሞክሩ። ልክ ከሆነ ወደ ሰሌዳው ሂዱ። ሰሌዳውን ሌላ እንጨት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። ከፊት በኩል ጀምሩ። የመሐሉ ቀጭን ፑንታ በጀርባ ብቅ ሲል አቁሙ። ገልብጡትና በዚያችው ትንሽ ቀዳዳ አስገብታችሁ ከጀርባ ጨርሱት። ከአንድ ወገን ብቻ ከቀደዳችሁት የመጨረሻው ንብርብር ተቦጭቆ ይወጣል፤ ያንን ደግሞ ስቱኮም አያድነውም። ድሪሉን አትጫኑት፤ ፑንታው በራሱ ይብላ። ጭስ ከሸተታችሁ አውጡትና አቀዝቅዙት።

ለጆይስቲኩ ሌላ ሥራ አለ። 12 ሚሊ እንጨት ሥር ከታሰረ ዱላው ላይ በቂ ቁመት አይተርፍም፤ አጭር ሆኖ እጅ አይሞላም። ስለዚህ ከሰሌዳው ጀርባ የጆይስቲኩን የብረት መቀመጫ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ከልሉ። በስለታም መሮ ያንን ቦታ ወደ ውስጥ 6 ሚሊ ያህል ፈልፍሉት። መጀመሪያ በመስመሩ ላይ መሮውን ቀጥ አድርጋችሁ እየመታችሁ ጠርዙን ቁረጡ። ቀጥሎ መሮውን አጋድማችሁ ስስ ስስ እያደረጋችሁ አንሡ። ኮምፔንሳቶ በንብርብር የተሠራ ስለሆነ አንዱ ንብርብር ሲያልቅ ቀለሙና አቅጣጫው ይለወጣል፤ ጥልቀቱን በዚያ ታውቃላችሁ። መቀመጫው ገብቶ ሳይነቃነቅ ሲያርፍ በአራት ብሎን እሰሩት። የብሎኖቹ ጭንቅላት ከላይ ተኝቶ ከእንጨቱ እኩል ይሁን፤ እጅ ይቧጭራል።

ሰሌዳው ከታች ድጋፍ ይፈልጋል። ልጆች በጨዋታው ሲጋሉ ሙሉ ክብደታቸውን ይጥሉበታል። ከመሐሉ ሥር ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ አጭር ቋሚ እንጨት አቁሙለት።

እርጥበትን መከላከል

ኮምፔንሳቶ ውኃ የሚጠጣው ከፊቱ ይልቅ በጠርዙ ነው። የቁልፎቹ ቀዳዳ ውስጥም ጠርዝ ነው፤ ይህ ይረሳል። ሁሉንም ጠርዝ በ120 ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ የእንጨት ኮላ በትንሽ ውኃ አቅጥናችሁ ቀቡት። ሲደርቅ ስቱኮ ቀቡበት፤ በ220 አለስልሱት። ከዚያ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ቀለም። አንድ ወፍራም ቅብ ከመቀባት ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል። በመሐል አንድ ቀን ስጡት።

ውስጡንም ቀቡት። ሰው ስለማያየው ብዙዎች ይተዉታል። አንዱ ወገን ተቀብቶ ሌላው ጥሬ ከሆነ ግን እንጨቱ እኩል አይተነፍስም፤ በክረምት ይጣመማል። ከሥር አራት የጎማ እግር ምቱበት። የታጠበ ወለል ወይም የፈሰሰ ቡና ወለሉን እንዳያገኘው ነው። ለጎኖቹ የፊት ጠርዝ ፈርኒቸር ቤቶች የሚለጥፉት የፕላስቲክ ጠርዝ ጥሩ ነው።

ማሽኑ መተንፈስም አለበት። የኋላ በሩ ላይ ከታችና ከላይ አራት አራት 2 ሴንቲ ቀዳዳ አውጡ። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይገባል፤ ሙቁ ከላይ ይወጣል። ቀዳዳዎቹን ከውስጥ በወንፊት ሽቦ ሸፍኗቸው። ሙቀት ያለበት ጨለማ ሣጥን በረሮ ይስባል።

ሽቦ እና መብራት

ሽቦው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ማይክሮስዊች ሁለት ሽቦ ይወስዳል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ቢቀያየሩ ልዩነት የለውም። ሌላኛው ጫፍ ኢንኮደሩ ላይ ይሰካል። ጆይስቲኩ አምስት ሽቦ ያለው አንድ ገመድ አለው። አራት ማይክሮስዊች ብቻ ያለው ዓይነት ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዱላውን ወደ ላይ ስትገፉት የሚጫነው የታችኛው ስዊች ነው። ስለዚህ የ«ላይ» ሽቦ የሚገባው ታች ነው። ግራና ቀኝም እንዲሁ ይገለበጣሉ።

ይህን ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ሞክሩ። ኢንኮደሩን ማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ሰኩትና በዊንዶውስ የጌም መቆጣጠሪያ ገጽ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። መብራቱ ሲበራ ታያላችሁ። ከዚያ ሽቦዎቹ ላይ በፕላስተር ቁጥር ጻፉ።

ከውጭ የሚገባው የመብራት ገመድ አንድ ብቻ ይሁን። ውስጥ ትንሽ ዲቫይደር በቪቴ አስራችሁ ሞኒተሩንና የራስበሪ ፓይውን ቻርጀር እዚያ ሰኩ። ገመዱ በሣጥኑ ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ጎማ ይኑረው፤ ከውስጥም ቢጎተት እንዳይነቀል ይታሰር። ባለ 220 ቮልቱን ገመድ ከቁልፎቹ ሽቦ አርቃችሁ በሌላኛው ጎን ውሰዱት። ዲቫይደሩን ቆርጦ በገመድ መቀጠል ካስፈለገ ኤሌክትሪሽያን ይሥራው። ይህ ልጆች የሚነኩት ዕቃ ነው።

ለራስበሪ ፓይ 3 የሚሆነው ቻርጀር 5 ቮልት 2.5 አምፒር ነው። ለ4ው 5 ቮልት 3 አምፒር። የስልክ ቻርጀር ብዙ ጊዜ አይበቃውም። ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ከታያችሁ ኃይል አንሶታል ማለት ነው። የድሮው ሞኒተር ቪጂኤ ብቻ ካለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ አዳፕተር ያስፈልጋችኋል። 4ው ደግሞ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ትንሹ ዓይነት ነው፤ ገመዱን ስትገዙ ንገሯቸው።

ለድምፅ በዩኤስቢ ኃይል የሚሠሩ ትንንሽ የኮምፒዩተር ስፒከሮች ይበቃሉ። ድምፅ ማስተካከያውን እጅ በሚደርስበት አድርጉት። ማታ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ሶፍትዌር እና ጌም

ባቶሴራ ወይም ሬትሮፓይ ከድረ ገጻቸው በነፃ ይወርዳል። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። በ32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ላይ ባሌና ኤቸር በሚባለው ፕሮግራም ጻፉት። ካርዱን ሰክታችሁ ስታበሩ መቆጣጠሪያችሁን እንድታስተዋውቁት ይጠይቃል። ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ እያለ የሚለውን እየተከተላችሁ ተጫኑ።

ጌሞቹ ባለቤት አላቸው። ሬትሮፓይና ባቶሴራ ነፃ ናቸው ማለት ፓክማን ነፃ ነው ማለት አይደለም። ማሜ የተባለው የአርኬድ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ ጀምሮ ብዙ የድሮ ጌሞችን ከመጥፋት አድኗል። ሠሪዎቹ በባለቤቶቹ ፈቃድ በነፃ የሚያወጧቸው ጥቂት ጌሞችም አሉ፤ ግሪድሊና ሮቢ ሮቶ ከነሱ ውስጥ ናቸው። በነሱ ጀምሩ። ዛሬም ሰዎች ለድሮ ማሽኖች አዲስ ጌም እየሠሩ በነፃ ይለቃሉ። የፕሮግራሚንግ ተማሪ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ማሽኑ የራሱን ጌም የሚሞክርበት ይሆንለታል። እኔ ከሁሉ የምጓጓው ይህንን ለማየት ነው።

እንደ ፓክማን ያሉ ጌሞች በአራት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄዱት። ጆይስቲኩ በስምንት አቅጣጫ ከሆነ መታጠፊያው ላይ ይስታል። ብዙ ጆይስቲኮች ሥራቸው ላይ የሚዞር ፕላስቲክ አላቸው፤ ስታዞሩት አራት ወይም ስምንት ይሆናል። የትኛውን ዓይነት ጌም በብዛት እንደምትጫወቱ አይታችሁ ወስኑ።

ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ አታጥፉት። ከምናሌው «ዝጋ» በሉ። ካርዱ እየጻፈ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ሥርዓቱ ሊበላሽ ይችላል። መብራት ግን ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሁሉን አስተካክላችሁ እንደጨረሳችሁ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ሌላ ካርድ ላይ አስቀምጡ። አንድ ቀን ባይነሣ ካርዱን ትቀይራላችሁ፤ አለቀ።

ማስዋብ እና መጠገን

የባነርና የስቲከር ሥራ የሚሠሩ ማስታወቂያ ቤቶች ጎኑን የሚሸፍን ስቲከር ያትማሉ። የሌላውን ጌም ሥዕል ከመገልበጥ የራሳችሁን ሥሩ። የቡና ቅርንጫፍ፣ በርጩማ፣ ልጆቻችሁ የሣሉት ፍጡር ይሁን። ግንባሩን ከኮምፔንሳቶ ይልቅ ነጣ ባለ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ብታደርጉትና ከኋላው ባለ 5 ቮልት የኤልኢዲ ጥብጣብ ብታስገቡ ስሙ ይበራል። ለመጫወቻ ሰሌዳው ስቲከር ከለጠፋችሁ ቀዳዳዎቹን በስለት ቁረጡና ጠርዙን ወደ ቀዳዳው ውስጥ እጠፉት። ቁልፉ ሲታሰር ይይዘዋል።

ችግር ሲመጣ ከቀላሉ ጀምሩ። አንድ ቁልፍ ብቻ ዝም ካለ ሽቦው ወልቋል፤ አለዚያ ማይክሮስዊቹ ሞቷል። ከጎረቤት ቁልፍ ጋር ሽቦውን አቀያይሩ። ችግሩ ከቁልፉ ጋር ከቀረ ስዊቹን ለውጡ። ወደ ጎረቤቱ ከዞረ ሽቦው ወይም ኢንኮደሩ ነው። ሁሉም ቁልፍ በአንዴ ዝም ካለ የኢንኮደሩን ዩኤስቢ እዩ። ምስል ከሌለ አዳፕተሩን፣ ቀጥሎ የሞኒተሩን ገመድ ፈትሹ። ድምፁ የሚያጉረመርም ከሆነ ስፒከሩን በተለየ ቻርጀር አብሩት።

በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ በሩን ክፈቱ። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። የላሉ ቪቴዎችን በካቻቪቴ አጥብቁ። ታችኛውን ጠርዝ በጣት ዳስሱ። ቀለሙ ከተነሣ ሳይውል ሳያድር በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ መልሱት። ሁለት ትርፍ ማይክሮስዊች፣ አንድ ቁልፍና የካርዱን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከበሩ ውስጥ በኩል ለጥፏቸው። የሽቦዎቹን ቁጥር የጻፋችሁበትን ወረቀትም አብራችሁ አድርጉ።